ተሸጦ የማያልቀው ጃንጥላ

ጣልያን ደሴ ከገባ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ወሩ ሰኔ ነው። አጫራቹ አለቃ ስማቸው ለፊደል ትምህርት ቤቱ ቆርቆሮ መግዣ በተጠራው ጨረታ ዋዜማ ድምፃቸው ተዘጋ። አፋቸውን ሲከፍቱ የሚወጣው የጫጩት ድምፅ ነው። ስለዚህ ሸዋረጋን ጠሯት። ሸዋረጋ ገበያ ላይ ጤፍ ትሸጣለች፤ እሷ ስትጣራ ኮምቦልቻ ያለ በሬ ቀና ይላል እያሉ ያሟታል። መሪጌታ ቀለሙ ሴት ስታጫርት አይተው አያውቁም። ግን ክረምቱ ደጅ ላይ ነው፣ የፊደል ተማሪዎቻቸው ጣራ የላቸውም። አጉረመረሙና እሺ አሉ።

ያምናው ዝናብ የመማሪያ ዳሱን ሣር አውርዶ ልጆቹን በትኗቸዋል። ግማሾቹ በዚያው ቀሩ። የሸዋረጋ ልጅ የኔነሽም ፊደሉን ሳትጨርስ ቀርታ ዘንድሮ እንደገና ከሀ ጀምራለች። ሦስተኛ ጊዜ ከሀ አትጀምርም፤ ከዚያ በፊት ባል ይመጣል። ቆርቆሮ ያለው ኮምቦልቻ፣ ሐጂ ጀማሉዲን መጋዘን ብቻ ነው። እሳቸውም እስከ ጨረታው ቀን ማታ አቆይላችኋለሁ፣ በማግስቱ ግን መንገድ ለሚሠሩት ጣልያኖች እሰጣለሁ ብለዋል።

በጨረታው ቀን መጀመሪያ የቀረቡት ዶሮና ማር ወዲያው ተሸጠው አለቁ። ተስፋው ሁሉ ያለው ጃንጥላው ላይ ነው፦ ከአሰብ የመጣ፣ ጥቁር፣ እጀታው ቆልመም ያለ። እዚህ ሰፈር ጨረታ አሸንፎ ጃንጥላ ይዞ ቤቱ የሚገባ ሰው የለም። አሸናፊው ይከፍልና ብድግ ብሎ መልሼ ለትምህርት ቤቱ ሰጥቻለሁ ይላል። እልል ይባልለታል፣ ጃንጥላው እንደገና ይሸጣል። ይሄን ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ማንም ለማንም አስረድቶ አያውቅም።

ሸዋረጋ ጀመረች። ልብስ ሰፊው ደምመላሽ ጆሮውን ሲያክ ጨመርክ አለችው። ሚስቱ አትጠገብ ስትስቅ እሷንም አስጨመረቻት፤ ባልና ሚስት ተፎካከሩ። ጃንጥላው ተሸጠ፣ ተመለሰ፣ ተሸጠ፣ ተመለሰ። ሰዉ በሳቅ ሞተ።

በዚህ መሐል ሐጂ ጀማሉዲን በካሚዮን ከች አሉ። የመጡት ገንዘቡ መሙላቱን ሊያዩ ነበር። ግን ነጋዴ ናቸው፤ ጨረታ ሲያዩ እጃቸው ብቻውን ተነሳ። ጨመሩ፣ ደገሙ፣ አሸነፉ። ሸዋረጋ እልልታዋን አዘጋጀች። ሐጂ ከፈሉ፣ ጃንጥላውን ብብታቸው ሥር ሸጎጡ፣ ተቀመጡ።

ሰዉ ብድግ ይላሉ ብሎ ጠበቀ፤ ሐጂ ንቅንቅ አላሉም።

እንግዳ ናቸው፣ ትልቅ ሰው ናቸው። ይመልሱ አይባል ነገር። አለቃ ስማቸው ሊናገሩ ሞከሩ፤ ጫጩቷ ብቻ ወጣች። ገንዘቡ ገና ነው፣ የሚሸጥ ነገር የለም። ሸዋረጋ የልጇ ሀ ታያት። ሰማዩም ያን ጊዜ ዶፉን ለቀቀው።

ሐጂ ጃንጥላቸውን ዘረጉ። ሌላው ጋቢውን ተከናነበ። ሸዋረጋ ተጠጋች።

«ሐጂ፣ ከጎንዎ ሰው ቢጠለል ቅር ይልዎታል?»

«ምን ቅር ይለኛል? ይግባ።»

ወደ ሰዉ ዞረች። «ከሐጂ ጎን ደረቅ ቦታ አለ። ስንት?»

ደምመላሽ ገዛና ገባ። አትጠገብ እሱ ደርቆ እኔ ልበሰብስ ብላ የወዲያኛውን ጎን ገዛች። ሸዋረጋ ቀጥላ ደምመላሽን ማስወጫ አጫረተች፤ ሰፈሩ በሙሉ ተረባረበ፤ ደምመላሽም ላለመውጣት ከፈለ። ተገፍተው ተገፍተው ውጭ የቀሩት ሐጂ ናቸው፤ ጥምጣማቸው ውኃ ጠጥቷል።

«ገዝቼው እኔው የምበሰብስበት፣ ይሄ ምን ዓይነት ንግድ ነው?» አሉ እየሳቁ።

«ሌላው ሰው እኮ ገዝቶ ይመልሰዋል» አለች አትጠገብ ከጥላው ሥር፤ አመለጣት።

ሐጂ ሳቃቸውን አቆሙ። «ወላሂ? ታዲያ ምነው ዝም አላችሁኝ?»

«እንግዳ አይደሉ?» አለች ሸዋረጋ።

ሐጂ ጃንጥላውን ባልና ሚስቱ አናት ላይ እጥፍ አደረጉት። ከፍ አድርገው ያዙት፣ «መልሼ ለልጆቹ ሰጥቻለሁ» አሉ።

እልልታው ዝናቡን አስረሳ። ሐጂ እንዲህ ተብሎላቸው አያውቅም መሰለኝ፣ ጣማቸው። በይ ቶሎ ሽጪው አሏት። ገዙ፣ መለሱ። ደግመው ገዙ፣ መለሱ። ዝናቡ ሲያባራ ገንዘቡ ሞልቷል። መሪጌታም ቆጥረው አስረከቧቸው፤ ሐጂ የራሳቸውን ቆርቆሮ በራሳቸው ገንዘብ ሸጠው፣ ጭቃ በጭቃ ሆነው፣ ደስ ብሏቸው ወደ ኮምቦልቻ ወረዱ።

ጣራው ተመታ። የክረምቱ ዝናብ ሲወርድበት ጫጫታው ሌላ ነው፤ መሪጌታ የየኔነሽን ንባብ መስማት አቃታቸው። ጮክ በይ አሏት። የእናቷን ድምፅ አወጣችው።