ከምላስ ሥር

«አንድ ጉርሻ ብቻ፣ በሞቴ» አለች ጎረቤቷ አማከለች። ጥሩሸዋ ፊቷን አዞረች። ከቀብር ሦስተኛው ቀን ነው። የእዝን ምግብ ከየቤቱ ይመጣል፤ ሐዘንተኛዋ ግን አልበላችም፣ አላለቀሰችምም። የቀየት አገር ሰው ደግሞ ደረቅ ዓይን አይቶ ዝም አይልም፤ ዳሱ ጥግ ሹክሹክታው ደርቷል።

እሷን የሚያንቃት ሌላ ነው። ባሏ ወዳጆ ገብስ ማሳው ላይ የወደቀው ማክሰኞ ነው፤ እሑድ ወጡ ውስጥ ጨው የጨመረችለት ደግሞ እሷ ናት።

ወዳጆ ደም ግፊት እንዳለበት የታወቀው ከሰባት ዓመት በፊት ነው። ያኔ የጤና ኤክስቴንሽኗ መሲ ባልና ሚስቱን አስቀምጣ መከረቻቸው፤ ጨው ይቀነስ፣ ቅቤው ይቅር፣ ኪኒኑ ደህና ነኝ ቢሉም እንዳይቋረጥ። ጥሩሸዋ ምክሩን እንደ ንስሐ አባት ቃል ያዘችው። ወዳጆ በየማዕዱ ያላግጥባታል። «ጥሩ፣ ይኼ ወጥ ነው የእግር እጣቢ?» ይላት ነበር፤ ግን ይበላል። እሑድ ዕለት «ዛሬ ብቻ» ብሎ ለመናት። አንጀቷ አልችል አለና አንዲት ቁንጥር ነሰነሰችለት። ጣቱን እየላሰ በላ።

ከሰዓት በኋላ መሲ ለቅሶ ስትደርስ ጥሩሸዋ ከዳሱ ጀርባ ጠራቻት።

«ልጄ፣ እኔ ነኝ የገደልኩት» አለችና ሁሉንም ነገረቻት።

መሲ እጇን ያዘቻት። የአንድ ቀን ቁንጥር ጨው ሰው እንደማይጥል አስረዳቻትና ወዳጆ ኪኒኑን ይወስድ እንደነበር ጠየቀቻት። ጥሩሸዋ በየማለዳው በእጇ ታጎርሰው እንደነበር ማለች።

ይኼኔ የወዳጆ የልብ ጓደኛ ሽማግሌው ገብረ አማኑኤል ከአጥሩ ሥር ተነሣ። ለካ ሰምቷቸዋል።

«አይውጠውም ነበር» አለ መሬት መሬት እያየ። «ከጥምቀት ወዲህ ከምላሱ ሥር ይይዝና ውጭ ወጥቶ ይተፋዋል። አሁንማ ድነናል ብለን ነው። እኔም የግፊቴን ኪኒን አብሬው አቁሜያለሁ።»

ጥሩሸዋ መጀመሪያ ተናደደች። ቀጥሎ ሦስት ቀን የተሸከመችው ሁሉ ወርዶላት ቀለላት። የሷ እጅ አልነበረበትም። ከዚያ እንባዋ መጣ፤ ለቅሶዋን ስታቀልጠው ዳሱ ሙሉ ሰው ደንግጦ ተነሣ። አማከለችማ «ተመስገን» አለች፤ በለቅሶ ቤት ለእንባ ተመስገን ሲባል ያን ቀን ተሰማ።

መሲ ገብረ አማኑኤልን እዚያው ለካችው። ግፊቱ ከፍ ብሎ ነበርና ዕለቱን ጤና ጣቢያ ይዛው ሄደች። በጊዜ ተደርሶበታል ተባለ፤ ኪኒኑንም እንደገና ጀመረ።

በማግስቱ ጠዋት ኪኒኑን በወረቀት ጠቅልሎ ለቅሶ ቤት መጣ። ጥሩሸዋ በጣሳ ውሃ ሰጠችው። ሰው እያየው ጎርሶ ጠጣና አፉን በጋቢው ጠረገ።

«አያ ገብረ አማኑኤል፣ አፍዎን ይክፈቱ» አለችው።

ከፈተ።

«ምላስዎንም።»

ሽማግሌው ምላሱን አነሣ። ጥሩሸዋ አገጩን በሁለት እጇ ይዛ፣ ጎንበስ ብላ፣ ረጅም ጊዜ ተመለከተች።