አሥራ ዘጠኝ ቀን ቀረው

ሸዋንግዛው በእርጥብ ጨርቅ ሃያን አጥፍቶ አሥራ ዘጠኝን ሲጽፍ ጠመኔው እጁ ላይ ተሰበረ። በስባሪው ጨረሰው። ከሱቁ በር ጎን የተሰቀለው ሰሌዳ ሚስቱ በዛብሽ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ሊጣል ሲል ያመጣችለት ነው። ላዩ ላይ «ለሚስጥር አልበም» ይልና ከሥሩ ቁጥሩ ይከተላል፤ ከዚያ «ቀን ቀረው» ይላል። ከስልሳ ጀምሮ በየማለዳው አንድ አንድ እየቀነሰ እዚህ ደርሷል። የነገሌ ባጃጅ ነጂዎች ቀኑ ሲጠፋባቸው «ሸዋ ጋ ስንት ሆነ?» እየተባባሉ ይቀልዱበታል፤ እሱ ግን አይከፋውም።

ዕድሜው አርባ ስድስት ነው። ሙዚቃ ቤቱን የከፈተው በካሴት ዘመን ነበር። ካሴቱ በሲዲ፣ ሲዲው በሚሞሪ፣ ሚሞሪው በፍላሽ ሲተካ እሱ ከዕቃው ጋር እየተቀየረ እዚያችው ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ያልተቀየረ ነገር ቢኖር አዲስ ዘፈን ሊወጣ ነው ሲባል ወንበሩ ላይ የሚያቁነጠንጠው ደስታ ነው። በዛብሽ «እኔን ልታገባ ስትል እንኳ እንዲህ አልተቁነጠነጥክም» ትለዋለች። እውነቷን ነው።

ዘንድሮ ደግሞ ብሶበታል። ጳጉሜ ሦስት ሐዋሳ ላይ፣ ሐይቁ ዳር፣ ትልቅ የሙዚቃ ድግስ አለ። ሬዲዮው «የክረምቱ ታላቅ ኮንሰርት» ይለዋል። ነገሌ ላይ ክረምት ማለት ዝናብ የሌለበት ብርድና አቧራ ቢሆንም ሸዋንግዛው ማስታወቂያውን በሰማ ቁጥር ዣንጥላ መግዛት ያምረዋል። መድረኩ ላይ ከሚወጡት ስድስት ዘፋኞች የመጨረሻዋ ሚስጥር በፍቃዱ ናት፤ ሁለተኛው አልበሟም በዚያው ቀን ይለቀቃል። ትኬቱ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ኪሱ ውስጥ አለ።

ሚስጥር የጦር ሰፈሩ ልጅ ናት። አባቷ አምሳ አለቃ በፍቃዱ በሕይወት ሳሉ ቤታቸው ቴፕ አልነበረም። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን እንዳነገተች እዚህ በር ላይ ትቆምና ካሴቱ ሁለቱም ፊት ካላለቀ አትነቃነቅም ነበር። መቆሟ ሲያሳዝነው በርጩማ አወጣላት። ዛሬ ያቺ በርጩማ የት እንደገባች ሰው ቢጠይቀው ደስ ይለዋል፤ ቤቱ ውስጥ ዕቃ መደርደሪያ ላይ ናትና።

ከሁለት ሳምንት በፊት ከአዲስ አበባ ደውላለት ነበር።

«ጋሽ ሸዋ፣ አንድ ነገር ልለምንህ።»

«ምን ልታዘዝ፣ የኔ እመቤት?»

«የኔን ለሰው ፍላሽ እንዳትጭነው። አደራ።»

«የአባቴ አጥንት ይፋረደኝ» አላት።

ነገሩ ወዲህ ነው። የመጀመሪያ አልበሟ የወጣ ጊዜ ሸዋንግዛው ከደስታው ብዛት ከነገሌ እስከ ሜጋ ላለ ሚሞሪና ፍላሽ ሁሉ በነጻ ጭኖላት ነበር። ውለታ የዋለላት መስሎት ስልክ ደውሎ «አገር ምድሩ አንቺን ነው የሚሰማው፣ አንድም ሰው አላስከፈልኩም» ሲላት «እሺ» ብላ ስልኩን ዘጋች። በኋላ ከሌላ ሰው እንደሰማው፣ አልበሙን የሚገዛ ጠፍቶ ያሳተመላት ሰውዬ ሌላ አልሠራም ብሎ ትቷታል። ይህን ሁለተኛውን ሦስት ዓመት ሙሉ ሠርግ ቤት እየዘፈነች በራሷ ገንዘብ ነው የሠራችው።

የጠመኔውን ብናኝ ከእጁ ሲያራግፍ ከሞያሌ የሚመላለሰው የአብዱባ አይሱዙ በሩ ላይ ቆመ።

«አካም፣ ሸዋ?»

«ናጋ፣ አብዱባ። የጆሮ ማዳመጫዎቹን አመጣህልኝ?»

«የሚበልጥ አመጣሁ።» አብዱባ ከጋቢናው ሳይወርድ አንዲት ፍላሽ በመስኮት ወረወረለት። «የሚስጥር ነው። ሁሉም አለ።»

«የድሮው?»

«አዲሱ ነዋ! ናይሮቢ አይደል የጨረሱት? ያክስቴ ልጅ እዚያ ስቱዲዮ ተላላኪ ነው። እሱ ለኔ ሰረቀ፣ እኔ ላንተ። ሌላ ሰው ጋ የለም። ይሄን ሰሌዳህን ባየሁ ቁጥር ታሳዝነኛለህ።»

«አብዱባ፣ ይሄማ ነውር ነው…»

«ምስጋና የለም? ገለቶሚ አይባልም እንዴ?» አለና እየሳቀ ሄደ።

ሸዋንግዛው ፍላሹን ጨብጦ ወደ ውስጥ ገባ፤ ወጣ፤ ደግሞ ገባ። አደራው አትጫን ነው እንጂ አትስማ አይደለም፣ አለ ለራሱ። ሰው የሚፈልገውን ነገር የሚፈቅድለት ሕግ ለማውጣት ሸንጎ አያስፈልገውም። በሩን ገርበብ አድርጎ ተቀመጠና ፍላሹን ኮምፒዩተሩ ላይ ሰካ።

እዚህ ላይ የሥራውን ልማድ መናገር ያስፈልጋል። በየማለዳው ሱቁን ሲከፍት መስኮቱ ደፍ ላይ አንድ ሰማያዊ የብረት ሳህን ያስቀምጣል። ባጃጅ ነጂዎቹ ሲያልፉ ስማቸው በፕላስተር የተለጠፈበትን ፍላሻቸውን እዚያ ይጥላሉ። የሚፈልጉትን አይናገሩም፤ የተገኘ አዲስ ዘፈን ሁሉ ይጫንልኝ ማለታቸው እንደሆነ የታወቀ ነው። እሱም ኮምፒዩተሩ ላይ «አዲስ» ብሎ የሰየመው ፎልደር አለው። ከየትም የመጣ ነገር መጀመሪያ እዚያ ይገባል፤ ከዚያ ወደ ፍላሾቹ ይገለበጣል። አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ሲሠራ እጁ ከጭንቅላቱ ጋር መማከር ትቷል። አሁንም እጁ የሚስጥርን ዘፈኖች ወደ «አዲስ» ሲያስገባ እሱ የጆሮ ማዳመጫውን ገመድ እየፈታ ነበር።

የመጀመሪያው ዘፈን እንደጀመረ ዓይኑን ጨፈነ። ድምጿ ወፍሯል፤ አይቸኩልም። ሁለተኛው ላይ ክራር ብቻ ነው ያጀባት። ሦስተኛው ላይ አንድ ሰው ትከሻውን ነካው። ልዑልቃል ነው፤ በዚህ ሰፈር ሰማያዊ ባጃጅ የሚነዳ ወጣት።

«ጋሽ ሸዋ፣ ፍላሼን ቶሎ አድርግልኝ፣ ሰው ጭኛለሁ።»

ሸዋንግዛው ዓይኑን በግማሽ ገልጦ ከሳህኑ «ልዑል» የሚለውን አነሳ፣ ሰካ፣ ገለበጠ፣ ነቅሎ ሰጠው። አራተኛው ዘፈን ስለ አባቷ ቡትስ ጫማ ነበር፤ አምሳ አለቃው ከሞቱ በኋላ በር ላይ እንደተቀመጠ ስለቀረው። ዘፈኑ ሲያልቅ እንባውን ሊጠርግ ማዳመጫውን አወለቀ። ያኔ ነው ስክሪኑን ያየው። «ልዑል» የሚለው መስኮት ሳይዘጋ ቀርቷል፤ ውስጡም የሚስጥር ዘጠኝ ዘፈኖች በተራ ተደርድረዋል።

ወንበሩን ገፍቶ ሲነሳ የማዳመጫው ገመድ ተበጠሰ። ስልክ ደወለ፤ ልዑልቃል አያነሳም። ሱቁን ቆልፎ ሮጠ። ነገሌ ውስጥ አንድ ፍላሽ ምን ያህል እንደሚሄድ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ምሳ ሰዓት ላይ ነጂዎቹ ምግብ ቤት በር ላይ ተሰብስበው ይለዋወጣሉ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሚኒባሶቹ ይዘውት ወደ ሻኪሶ ይወጣሉ፤ ነገ ሻሸመኔ ይደርሳል። ለጳጉሜ ሦስት የሚስጥር አልበም ያረጀ ዘፈን ይሆናል።

መናኸሪያው ጋ የለም። ገበያው ጋ የለም። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ቆም እያለ ጆሮውን ያቀናል። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚስጥርን ድምፅ እንዳይሰማ እየለመነ ነበር። በመጨረሻ አንድ ነጂ «ልዑልቃል? ወደ ጦር ሰፈሩ መንገድ ቆሞ አይቼዋለሁ» አለው። እንደዚያ ሮጦ የሚያውቀው ልጅ ሳለ ነው።

ባጃጁ ግራር ሥር ቆሟል። ሞተሩ ጠፍቷል። ልዑልቃል መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

«ፍላሹ!» አለ ሸዋንግዛው እያለከለከ። «ለማን ሰጠህ?»

«ለማንም። ከወፍጮ ቤት ጭኛቸው ቤታቸው በር ላይ አድርሻቸው ነበር፤ አልወርድም አሉ። ሰፈሩን ሁለት ጊዜ ዞርን። ነዳጅ ሊያልቅብኝ ሲል እዚህ አቆምኩላቸው።»

«እነማን?»

ልዑልቃል በአገጩ አመለከተ። ከኋላ ወንበር ላይ፣ የዱቄት ጆንያ እግራቸው ሥር አድርገው፣ የሚስጥር እናት እትዬ ሀረገወይን ተቀምጠዋል። ነጠላቸው ዱቄት ነክቶታል። ሸዋንግዛውን ሲያዩ ወደ ፊት ተንጠራርተው የቴፑን ቁልፍ ተጫኑ፤ ዘፈኑ መሀል ላይ ቆመ።

«ና እስቲ፣ ሸዋንግዛው።»

«ደህና ዋሉ፣ እትዬ?»

«ልጄ ገና አልወጣም ብላኛለች። ይሄ ከየት መጣ?»

አብዱባን ሊል አሰበ። ናይሮቢን ሊል አሰበ።

«ከኔ ነው» አለ። «በሞያሌ በኩል መጣልኝ። ልሰማው ብዬ… እጄ ሳላውቀው ለዚህ ልጅ ጫነው። አደራ ብላኝ ነበር።»

እትዬ ሀረገወይን ነጠላቸው ላይ ያለውን ዱቄት በጣታቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉ። «የፊተኛውንም የጫንከው አንተ ነህ አሉ።»

«እኔ ነኝ። ያኔ እኮ ያገዝኳት መስሎኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን የሷን ነክቼ አላውቅም፣ እትዬ። የምጭነው የሌሎቹን ነው።»

«ሌሎቹስ እናት የላቸውም?»

አልተቆጡም። የሽንኩርት ዋጋ የሚጠይቁ ይመስሉ ነበር። ሸዋንግዛው በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ተብሏል፤ ሰነፍ፣ ጩኸታም፣ «ትልቅ ሰው ሆነህ!» ተብሏል። ይህን ግን ያለው ሰው አልነበረም። ፍላሹን ሊነቅል እጁን ወደ ቴፑ ሰደደ።

«ተው። ሁለት ቀርቷል» አሉት። «አንዱ ላይ የወታደር ልብስ አጠባዬን ዘፍናዋለች፣ ታውቃለህ? ቢጫ ሳሙናዬ ሳይቀር ገብቷል። እጄ ተላልጦ ሲደማ ተኝታለች ብዬ ነበር እኮ በቅቤ የማሸው፤ ለካ ታይ ነበር።» ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ነካ አደረጉ። «ግባ። የቀረውን አብረን እንስማ። በርጩማ የሰጠሃት ሰው ነህ።»

ሸዋንግዛው የባጃጁን ጎን ይዞ ቆመ። ከአራተኛው በኋላ ያለውን አልሰማም። እዚህች ወንበር ላይ ከሚስጥር እናት አጠገብ ተቀምጦ መስማት ከሐዋሳውም እንደሚበልጥ ያውቃል። በጣም ፈልጎት ነበር።

«እርስዎ ይጨርሱ» አለ። «እኔ አሥራ ዘጠኝ ቀን ቀርቶኛል።»

መንገዱን ተሻግሮ ሌላ ግራር ሥር ቆመ። ነፋሱ ክራሯን ይዞ ሲመጣበት ሃያ እርምጃ ያህል ራቀ። ከዚያ ሆኖ የሚታየው የእትዬ ሀረገወይን ትከሻና ድንጋዩ ላይ አንገቱን የደፋው ልዑልቃል ብቻ ነው። ሁለት ዘፈን እንዲህ ረጅም መሆኑን አያውቅም ነበር።

ሲያበቃ ልዑልቃል ፍላሹን አምጥቶ መዳፉ ላይ አደረገለት። ባጃጁ አጠገቡ ሲደርስ እትዬ ሀረገወይን አንገታቸውን አወጡ።

«ሰምቻለሁ እንዳትላት። ሐዋሳ ወስዳ፣ ፊት ለፊት አስቀምጣ ልታስደንቀኝ ነው ሐሳቧ።»

«አልልም። እርስዎስ ዝም ማለቱን ይችሉታል?»

«አዲስ እንደሆነብኝ አለቅሳለሁ» አሉ። «እሱ አያቅተኝም።»

ሸዋንግዛው ሱቁ ተመልሶ ዘፈኖቹን ከልዑልቃል ፍላሽ አጠፋ፤ ከ«አዲስ» ውስጥ አጠፋ፤ የአብዱባን ፍላሽ በመዶሻ ቀጠቀጣት። ከሰዓት በኋላ ነጂዎቹ እየመጡ ፍላሻቸውን ሲያነሱ «አዲስ የለም?» ይሉታል፤ «የለም» ይላል። አንዱ «ታዲያ ምን ስትሠራ ዋልክ?» ብሎት ሄደ። ማታ ለበዛብሽ ሁሉንም ነገራት። እሷም ጥቂት አሰብ አድርጋ፣ ፍላሽ መጫን ከቀረ በቻርጀርና በጆሮ ማዳመጫ ብቻ የሱቁ ኪራይ እንደማይወጣ አስታወሰችው። ተው ወይም ቀጥል ግን አላለችም።

በማግስቱ ሱቁን ከፈተ። አሥራ ዘጠኝን አጥፍቶ አሥራ ስምንት ጻፈ። ከዚያ እንደ ልማዱ ሰማያዊውን ሳህን ይዞ ወደ መስኮቱ ሄደ፤ ደፉ ላይ ሊያስቀምጠው ሲል እጁ አየር ላይ ቆመ። በኋላ የተሰባበሩትን ጠመኔዎች ለቃቅሞ ሳህኑ ውስጥ ጨመረና ከሰሌዳው ሥር፣ መሬት ላይ አኖረው።

ልዑልቃል ባጃጁን አቀዝቅዞ ፍላሹን እንደያዘ እጁን ወደ መስኮቱ ዘረጋ፤ ደፉ ባዶ ነው።

«ጋሽ ሸዋ፣ ሳህኑስ?»

«ጠመኔ አድርጌበታለሁ» አለው ሸዋንግዛው፤ ወንበሩንም አውጥቶ በሩ ላይ ተቀመጠ።