የጌምዚ በር ቂም

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ጥሩ አባባል ነው፤ ግን ግማሽ ነው። የወጋው ሰው አርጅቶ፣ ጉልበቱን በቀዶ ጥገና አስጠግኖ፣ አዲስ የበረዶ መንሸራተቻ ስኪ ተሸክሞ «እባክሽ አስተምሪኝ» እያለ በእግሩ ሲመጣ የተወጋው ምን ያድርግ? ይህን የነገረን የለም። ፊሎሜና ኢምሆፍ ግን ማንንም ምክር አልጠየቀችም።

ሰውየው ዶክተር ላንዶልት ይባላል፤ ሐኪም ሳይሆን የሕግ ዶክተር፣ የዙሪክ ጠበቃ። ለሸለቆው የተራራ መሪዎች ማኅበር ደውሎ፣ «መሪ ከፊቴ እየሄደ እንደ በግ እንዲጎትተኝ አልፈልግም። ጉዞውን ራሴ ማቀድ ልማር፤ ካርታውን፣ አየሩን፣ በረዶውን። ከዚያ ከጎጆ ጎጆ እያደርን የበረዶ ግግሮቹን በስኪ እናቋርጣለን» አለ። ማኅበሩ ለሌላ መሪ ሰጥቶት ነበር። ፊሎሜና ስሙን እንደሰማች ያንን መሪ መንገድ ላይ አስቆመችው።

«ያንን ጠበቃ ለኔ ስጠኝ፤ የኔን የሆላንድ እንግዶች ውሰድ።»

«ሆላንዶቹ ወጣት ናቸው፤ ይስቃሉ፣ ይጋብዛሉ። ጠበቃው ጉልበቱ በብሎን የተያያዘ ሽማግሌ ነው። ምን ነካሽ?»

«ሽማግሌ እወዳለሁ።»

«ባልሽ ይህን ያውቃል?» ብሎ ሳቀ፤ ተለዋወጡ።

የፊሎሜና አባት ቴዎዱል ሩፐን መሪ ነበር። እሷ ገና ተማሪ ሳለች፣ ጌምዚ ከሚባለው የተራራ በር በታች የበረዶ ናዳ ቀበረው። አብሮት የነበረው እንግዳ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸው ላንዶልት። ተርፎ ለመርማሪዎች ቃሉን ሰጠ። «በሩ ላይ ስንደርስ ረፍዶ ነበር። እንመለስ ብዬ ለመንኩት፤ አሻፈረኝ ብሎ ወረደ። ናዳው ከወሰደው በኋላ እስክዝል ፈለግሁት።» ሰው አመነው። ለምን አያምነው? ጠበቃ ነው፣ እያለቀሰ ነው የተናገረው፣ ሙት ደግሞ አይከራከርም። በአንድ ገመድ ታስሮ ከቴዎዱል ጋር ተራራ ሲወጣ የኖረው ጓደኛው ጎትፍሪድ እንኳ ሲጠየቅ «ግትር ነበር፤ ውሸት አልናገርም» አለ። በመሪዎቹ አዳራሽ ተራራ ላይ የቀሩ መሪዎች ሁሉ ፎቶግራፋቸው ይሰቀላል። የቴዎዱል አልተሰቀለም፤ እንግዳውን ወደ ሞት የነዳ ከእነሱ ጋር አይቆጠርም። እናቷ ዳቦ ቤት ስትገባ ወሬው ቀጥ ይል ነበር።

ፊሎሜና የያዘችው ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛው የእናቷ ቃል፤ «አባትሽ ፀሐይ የመታውን ቁልቁለት ከረፋድ በኋላ ረግጦ አያውቅም።» ሁለተኛው፣ የአባቷ ሬሳ ገና ሳይገኝ ላንዶልት በማግስቱ ዙሪክ ፍርድ ቤት ቆሞ ሲከራከር መዋሉ። ታዲያ በሩ ላይ ይቸኩል የነበረው ማን ነው? ይህን ጥያቄ እያላመጠች አደገች፣ አግብታ ስሟን ቀየረች፣ መሪ ሆነች። ማስረጃ የሚባል ነገር አልነበራትም። የምትፈልገው ያ ሰው በገዛ አፉ፣ ጎትፍሪድ እየሰማ፣ እውነቱን እንዲናገር ነው። ጎትፍሪድ ዛሬ መሪነቱን ትቶ የሮትግራት ጎጆ ጠባቂ ሆኗል። መንገዳቸውም በሮትግራት ያልፋል።

በደንብ አስተማረችው። ከቂሟ ትልቁ ክፍል ይኸው ነበር። ምንም የማያውቅን ሰው በደልከኝ ብትሉት «አላውቅም ነበር» ይላችኋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ማሳወቅ ነው። ካርታው ላይ መስመሮቹ ሲጠጋጉ ገደሉ እንደሚቆም፣ ደመና ያደረበት በረዶ ጠዋት ላይ ድንጋይ እንደማይሆን፣ ፀሐይ ቀድማ የምትመታው ጎን የቱ እንደሆነ አሳየችው። ጉዞ የሚታቀደው ከመነሻው ሳይሆን ከመጨረሻው፣ ከቁልቁለቱ መውረድ ካለብህ ሰዓት ወደ ኋላ እየተቆጠረ መሆኑን ነገረችው። ግግሩ ላይ በገመድ አስራው በዘንግ እየወጋች ስንጥቁን በአግድም አሻገረችው።

ያናደዳት ጥሩ ተማሪ መሆኑ ነበር። ያዳምጣል፣ ይጠይቃል፣ ቸኮላት ቆርሶ ያካፍላል። ክፉ ሰው ቢሆንላት ምንኛ በቀለላት! በእነዚህ ተራሮች ደግሞ ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ «እርስዎ» የሚባል ነገር የለም፤ ሚኒስትሩም ከብት ጠባቂውም «አንተ» ነው።

«ፊሎሜና፣ ስንት ሜትር ላይ ነን?» አላት ስኪው ላይ ቆሞ እያለከለከ።

«ሦስት ሺህን አልፈናል።»

«ታዲያ አንተ በይኝ እንጂ! እኔ አንቺ እያልኩሽ አይደል?»

«አፌ አልለመደም፣ ዶክተር።»

«ጉድ ነው! የተራራ ሰው ሆነሽ የከተማ እመቤት ያሳደገችሽ ትመስያለሽ።»

«ያሳደገችኝ እናቴ ናት፤ ብቻዋን» አለችውና ፊቷን አዙራ መውጣት ጀመረች።

ሮትግራት ሲደርሱ የበረዶ ማዕበል ተነሣ። ሌሎች መንገደኞች ከሸለቆው አልወጡም፤ ጎጆው ውስጥ ከሦስቱ በቀር ሰው አልነበረም። ጎትፍሪድ በሩን ከፍቶ ላንዶልትን ሲያይ ጭልፋው በእጁ እንዳለ ደርቆ ቀረ። ላንዶልት ግን ሽበት የወረሰውን ጢማም ሽማግሌ አላስታወሰውም፤ ጨብጦት አልፎ ጫማውን መፍታት ጀመረ።

ጎትፍሪድ ፊሎሜናን ክንዷን ይዞ ወደ ማድ ቤት አስገባት።

«ሜና፣ ማንን ይዘሽ እንደመጣሽ ታውቂያለሽ?»

«እንግዳዬን።»

«አትቀልጂብኝ። ክርስትና ያነሣሁሽ ሰው ነኝ።»

«ክርስትና አንሥተኸኛል፣ ጋሼ። አባቴን ግን ናዳው አንዴ ቀበረው፤ አንተ ሁለተኛ ደገምከው።»

ሽማግሌው ጭልፋውን አስቀመጠ። «ገመድ ላይ ልታደርጊው ያሰብሽው ነገር ካለ…»

«አልነካውም። ነገ በሰላም አወርደዋለሁ። ዛሬ ከሰዓት ግን ትምህርት አለን። ድንችህን አምጥተህ እኛ አጠገብ ላጥ፤ ሌላ አልለምንህም።»

ከምሳ በኋላ ካርታ ዘረጋች። የምሥራቁ ካንቶን፣ የሌላ ክልል፣ ካርታ ነው፤ ላንዶልት ረግጦት የማያውቀው አገር። ስንት ክረምት ካርታ ስታገላብጥ እንደኖረች እሷና ባሏ ያውቃሉ። የጌምዚን ቁልቁለት መንትያ ነበር የምትፈልገው፤ በከፍታው፣ ፊቱን ባዞረበት አቅጣጫ፣ በአቀበቱ ልክ ቁርጥ እሱን የመሰለ። አግኝታዋለች።

«ይህን በር አያውቁትም፤ ስለዚህ ጥሩ ፈተና ነው» አለችው። «ሌሊቱን ሰማዩ ደመና ነበር፤ በረዶው አልጠነከረም። አራት እንግዶች ይዘዋል። አንዱ ስለደከመ በሩ ላይ ስትደርሱ ረፍዷል፣ ፀሐይ ወጥታለች። የምታድሩበት ጎጆ ከታች ይታያል። መሪው እርስዎ ነዎት።»

ላንዶልት መነጽሩን ገፋ አድርጎ በካርታው ላይ አጎነበሰ። ደስ ብሎታል፤ ፈተና የሚወድ ሰው ነው።

«ፊቱ ወደ ደቡብ ምሥራቅ… ፀሐይ ከማለዳ ጀምሮ ስትቀቅለው ነበር። ከሥሩ የለቀቀ በረዶ ነው። አይወረድም! በመጣንበት እንመለሳለን።»

«ጎጆው እኮ ይታያል።»

«ይታይ እንጂ! የመቃብር ቦታም ይታያል» አለና በራሱ ቀልድ ሳቀ። «በዚህ ሰዓት እዚህ የሚወርድ ወይ ዕብድ ነው ወይ ያልተማረ።»

በሬው ሣሩን አይቶ ወደ ገደሉ እየተጠጋ ነበር። 

«ጥሩ። አንዱ እንግዳ ግን እምቢ አለ። ነገ ጠዋት የማይቀርበት ጉዳይ አለው። ፈሪ ብሎ ሰደበዎትና ብቻውን ቁልቁል ወረደ።»

«ጅል ነዋ!»

«መሪው ምን ያድርግ?»

«ሦስቱን ይዞ ይመለስ። አንድ ጅል ለማዳን አራት ሰው አይሞትም። አንቺ ራስሽ ነሽ ያስተማርሽኝ።»

«መሪው ግን ጥሎት መሄድ አልሆነለትም። ሦስቱን እዚያው አቁሞ፣ ተመለስ እያለ ተከተለው። ናዳው መሪውን ወሰደው፤ እንግዳው ተረፈ። ጥፋቱ የማን ነው፣ ዶክተር?»

«የእንግዳው ነዋ! ይህ ምን ጥያቄ አለው?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የጎትፍሪድ ቢላዋ ድንቹ ላይ ቆመ። ላንዶልት ጣቱ ካርታው ላይ እንዳለ ቀና አለ፤ መጀመሪያ ጢማሙን ሽማግሌ አየ፣ ቀጥሎ እሷን። ይህን ሁሉ ቀን ከኋላዋ ሲሄድ የኖረ ሰው ፊቷን ገና አሁን ያየ ይመስል ነበር።

«የአባትሽ ስም ማን ነው?»

«ቴዎዱል ሩፐን።»

ነፋሱ መስኮቱን ሲደበድብ ይሰማል። ላንዶልት ካርታውን ከፊቱ ገፋ አደረገው። «ይህ ወጥመድ ነው። በምሳሌ የተገኘ ቃል የትኛውም ፍርድ ቤት…»

«ፍርድ ቤት እዚህ የለም። ያለው ጋሽ ጎትፍሪድ ነው።»

ጎትፍሪድ ቢላዋውን አስቀመጠ። «ሰውዬ፣ እኔ አንተን አምኜ ጓደኛዬን ክጃለሁ። ልጁን፣ ይህችኑ፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ እያየሁ አንገቴን ደፍቼ አልፌያለሁ። ሽማግሌ ነህ፣ ሽማግሌ ነኝ። አሁን እንዳትዋሸኝ።»

 ላንዶልት ወደ ጠረጴዛው እያየ ተናገረ። «አልወርድም አለ። ፈሪ አልኩት። እንጀራህን አሳጣሃለሁ፣ ለማኅበርህ እጽፋለሁ አልኩት። እምቢ ሲለኝ ጥዬው ወረድኩ። ስሜን እየጠራ ነበር የተከተለኝ።»

ፊሎሜና ይህን ቃል ስትጠብቅ ኖራለች። የሰማች ቀን አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል ትል ነበር። ጠጣም። ጎትፍሪድ በእጁ ፊቱን ሸፍኖ «ወርጄ ለሁሉም እናገራለሁ» ሲል ደግሞ ደስታው እስከ ጉሮሮዋ ደረሰ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ምናልባት በዚያው ትተወው ነበር።

ላንዶልት ግን አንዴ ተከፍቷል፤ መዝጋት አቃተው። «ሌላም አለ» አለ። «እስክዝል ፈለግሁት ያልኩት… አልፈለግሁትም።»

በዚያ አገር በረዶ ላይ የሚወጣ ሁሉ ደረቱ ላይ ትንሽ የሬዲዮ ሳጥን ያስራል። ሳጥኗ ሁልጊዜ ድምፅ ትልካለች፤ ሰው ሲቀበር የተረፉት ቁልፏን ወደ መፈለጊያ አዙረው የእሱን ድምፅ ይከተላሉ። የተቀበረ ሰው ሩብ ሰዓት ያህል ተስፋ አለው፤ ከዚያ በኋላ ተስፋው ይመነምናል።

«የዚያን ዕለት ጠዋት አባትሽ ቁልፏ እንዴት እንደምትዞር ሲያሳየኝ መነጽሬን እየወለወልኩ ነበር፤ አልሰማሁትም። ናዳው ሲቆም ሳጥኗን አወጣሁ፣ ነካካኋት፣ አልሆነልኝም። ሌላ ናዳ ይመጣል ብዬ ፈራሁና ወረድኩ። ዘንድሮ አንቺ በመጀመሪያው ቀን ስታሳዪኝ ነው ያየኋት። አንዲት ቁልፍ ናት። አንዲት ቁልፍ!»

የፊሎሜና ደስታ ጉሮሮዋ ላይ እንዳለ ቀዘቀዘ። አባቷን ሞቶ ነበር የምታውቀው፤ ለካ ከበረዶው ሥር በሕይወት ጠብቆም ነበር። ተነሣች።

«ልበስ» አለችው።

«ምን?»

«ልብስህን ልበስ። አካፋህንም ያዝ።»

«በዚህ ማዕበል? ፊሎሜና፣ እኔ…»

«ልበስ ብዬሃለሁ፣ አንተ ሰው!»

ከማገዶው ቤት ጀርባ ነፋሱ በረዶውን ቆልሎታል። ላንዶልትን ግድግዳ አስደግፋ ፊቱን አዞረችው፤ የጎጆውን ትርፍ ሳጥን ከረጢት ውስጥ ከትታ ቀበረችና ዱካዋን በእግሯ ደመሰሰች።

«አባቴ እዚያ ውስጥ ነው። ፈልገው።»

ጎትፍሪድ ተከትሏቸው ወጥቶ ነበር፤ ሲያያቸው ተመልሶ ገባ። ከብርድ ለሚመለስ ሰው ሾርባ መቅዳት የጎጆ ጠባቂ ልማድ ነው፤ የሚያደርገው ሲጠፋው እጁ ብቻውን ሠራ። አንድ ሳሕን የገብስ ሾርባ ከድስቱ ቀድቶ፣ በሁለት እጁ ይዞ መዝጊያው ላይ ቆመ።

ላንዶልት ጓንቱን በጥርሱ አወለቀ። ቁልፏን አዞረ። ሳጥኗ ጮኸች። ወዲያና ወዲህ ተንገዳገደ፤ ድምፁ ሲደክም ተመለሰ፣ ሲበረታ ቀጠለ፤ እንዳስተማረችው ሳጥኗን ወደ መሬት ዝቅ አድርጎ በብሎን በተያያዘው ጉልበቱ ተንበረከከ። ዘንጉን ወጋ፤ አልነካም። ደግሞ ወጋ፤ ነካ። አካፋውን አነሣና ቆፈረ፤ አካፋው ሲጠብበት በባዶ እጁ ቧጠጠ። ከረጢቱን ይዞ ብቅ ሲል ቅንድቡ በረዶ ሆኖ ነበር።

«አገኘሁት!» አለ። ለቅጽበት ፈተና ያለፈ ተማሪ ፊት ነበረው።

ጎትፍሪድ ሳሕኑን አየ። «ከቀዳሁት ሩብ ሰዓት አልሞላም፤ ሾርባው ገና ይጨሳል» አለ። ለማን እንደተናገረ አይታወቅም።

ላንዶልት ግን ሰማው። ሳሕኑን አየ፣ በእጁ ያለውን ከረጢት አየ፣ የቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ ጮኾ አለቀሰ። ፊሎሜና አላዘነችለትም። ሰው አዝናለታለች ይላል፤ እኔ ግን እንደሆነው ነው የምናገረው፤ ቅንጣት አላዘነችም። ከረጢቱን ከእጁ ተቀበለች።

«ተነሥና ወደ ግድግዳው ዙር።»

«በቃኝ፣ ፊሎሜና። ስለ እግዚአብሔር።»

ወደ ክምሩ ወጥታ፣ ከመጀመሪያው ራቅ ብላ፣ እስከ ክንዷ ድረስ ቆፍራ ቀበረችው።

«እንደገና» አለችው።