የፋሲካ ኪሎ

አንሙትን ሰው ሲያየው ግንብ ነው የሚመስለው። አንገቱ የወይፈን፣ ክንዱ የዝግባ ግንድ፤ በር የሚያልፈው ጎኑን አዙሮ ነው እያሉ ደብረ ማርቆስ ላይ ይቀልዱበታል። ሥራው ብረት መበየድ ነው። ቀን በርና መስኮት ሲበይድ ይውልና አመሻሹ ላይ ደግሞ ሌላ ብረት ሊያነሳ ወደ ጂም ይሄዳል። ለውድድር አይደለም፣ ለሜዳሊያም አይደለም፤ ሰውነቱ ሲሞላ ማየት ደስ ስለሚለው ብቻ ነው። ታዲያ ልጆቼ፣ ያ ሁሉ ግንብ በደከመች ልብ ላይ መቆሙን ከሐኪሙ ሌላ የሚያውቁት ሚስቱ የኔአለምና የልብ ሕሙማንን የምትከታተለው ነርስ፣ ሲስተር አርሴማ፣ ብቻ ነበሩ።

ነገሩ የጀመረው በክረምት ነው። ጉንፋን መስሎት የናቀው ሳል አልለቅ አለው። ቀጥሎ ቁልቁለት ሲወርድ እንኳ ያለከልክ ጀመር። ጋደም ሲል ደረቱ ላይ ሰው የተቀመጠበት ይመስለውና ደንግጦ ይነሳል። ሆስፒታል ሄዶ ልቡን በአልትራሳውንድ ሲያዩለት፣ ልብህ ሰፍታለች፣ ደም የመግፋት ጉልበቷም የጤነኛ ልብ ግማሽ ቢሆን ነው አሉት። ምን እንዳመጣው ቆርጦ የነገረው የለም። እሱም አልገባው አለ። ልብ ጡንቻ ከሆነች፣ ጡንቻውን ሁሉ በላቡ ያሳደገ ሰው እንዴት የገዛ ልቡ ትለግምበታለች?

ቁጭ አድርጋ በትዕግሥት ያስረዳችው አርሴማ ናት። ክኒኖቹን እንዳያቋርጥ፣ ከሁሉም በላይ ውሃ በሰውነቱ እንዳይጠራቀም የሚያሸናውን ክኒን እንዳይዘል፣ ጨው እንዲቀንስ፣ ጠዋት ጠዋት እህል ሳይቀምስ ሚዛን ላይ እንዲወጣ ነገረችው። ክብደቱ በጥቂት ቀን ውስጥ ዘለል ካለ ያ ውሃ ነውና ሳይውል ሳያድር ይምጣ። ብረቱንስ ልተወው ወይ ብሎ ሲጠይቃት፣

«ቀላል ቀላሉን አንሳ። ግን ትንፋሽህን ይዘህ አታንሳ። እያነሳህ ከሰው ጋር ማውራት ካቃተህ፣ ያ ሸክም ያንተ አይደለም፤ አስቀምጠው» አለችው።

ከዚያን ቀን ወዲህ ፍርሃት ደባል ሆኖ ከአንሙት ቤት ገባ። በብየዳው ጩኸት መሃል ሳይቀር ልቡን ያዳምጣል። ዘለል ስትልበት እጁ ይቀዘቅዛል፤ ደህና ስትመታም፣ አሁን ብትቆምስ ይላል። ሲተኛ ትራሱን ከፍ አድርጎ ይደገፍና፣ የታመመ ልጇን ትንፋሽ እንደምትጠብቅ እናት የገዛ ደረቱን ይጠብቃል። ለጓደኞቹ ግን አልተነፈሰም። ጂም ውስጥ ብረት ሲቀንስ ወገቤን አሞኝ ነው ይላል። ወገብ ማንንም ያማል፤ ልቡ የታመመን ሰው ግን በቁሙ ያዝኑለታል። እሱ ይህንን ከሞቱ እኩል ፈራው።

ሁዳዴ ገባና ሰውነቱ ቀነሰ። የጂሙ ልጆችም አልማሩትም፤ አያ አንሙት፣ ጾሙን ጾምከው ወይስ ጾሙ በላህ እያሉ ያስቁበታል። በዚያ ጂም ደግሞ አንድ ልማድ አለ። ትንሣኤ ካለፈ በኋላ ሁሉም በየተራ በሰው ፊት ሚዛን ላይ ይወጣል፤ በጾሙ የሄደው ሥጋ በዶሮውና በበጉ ምን ያህል እንደተመለሰ ይታያል። «የፋሲካ ኪሎ» ይሉታል። ብዙ የጨመረ ይጨበጨብለታል። ያልጨመረ እስከ ሰኔ ድረስ ጾም ያልፈታው እየተባለ ይኖራል።

አንሙት ሚዛኑ ላይ ሲወጣ መርፌው ከሁሉም አልፎ ሄደ። ጂሙ በጭብጨባ ተናጋ። በሚመጣው እሑድ ሊያገባ ቀን የቆረጠው ጓደኛው ገዳሙ አንገቱ ላይ ተጠመጠመና፣ የእኔን አንደኛ ሚዜ አያችሁልኝ፣ ሙሽራዋን ከነአያቷ ነው የሚያዝላት አለ።

አንሙት ሳቀ፤ ሆዱ ግን አልሳቀም። የቤቱ ሚዛን ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ ይህንኑ ሲነግረው ነበር። የአርሴማ ቃልም ጆሮው ላይ ነው። ግን ማን ነው የፋሲካን በግ ውሃ ነው የሚለው? እሷ ያለችው በአዘቦቱ ቀን ነው፣ ስለ በዓል አላነሳችም እያለ ራሱን አባበለ። ጭብጨባውም ከስንት ወር ሐሜት በኋላ የመጣ ነው። ይጣፍጣል።

የኔአለም ግን እግሩን አየች። ካልሲውን ሲያወልቅ የላስቲኩ ምልክት በቅልጥሙ ዙሪያ እንደ ጠፍር ጠልቆ ቀርቷል።

«ጫማህ ጠቦሃል መሰለኝ።»

«ቆዳው ነው የተኮማተረው።»

«እግርህ ነው ያበጠው፣ አንሙት። ነገ አርሴማ ዘንድ እንሂድ።»

«ሰርጉ ይለፍና ሰኞ።»

«ልብህ ሰኞን ትጠብቃለች ያለህ ማን ነው?»

ለገዳሙ ልንገረው፣ ሌላ ሚዜ ይፈልግ ብትለው፣ ሰርጉ እስኪያልፍ ከአፍሽ እንዳይወጣ ብሎ በቅዱስ ማርቆስ ገዘታት። በታቦት ከተገዘተች ወዲያ ምን ታደርግ፤ አፏን ያዘች። ዓይኗን ግን መግዘት አልቻለም፤ ከእግሩ ላይ አልነሳ አለ።

ሚዜ ደግሞ እንደምታውቁት ሥራው ከሙሽራው ጎን አለመለየት ነው። የሚያሸናው ክኒን ግን አሁንም አሁንም ወደ ጓሮ ይጠራል። ስለዚህ አንሙት በሰርጉ ዋዜማ ክኒኑን ከመዳፉ ወደ ብልቃጡ መለሰው። በሰርጉም ጠዋት መለሰው። የዛሬን ብቻ አለ። ሚዜዎቹ ሁሉ ቀድመው የቀመሱትን ጨው የበዛበት ወጥ ቀመሰ፤ ጠላውንም እንቢ ማለት አልሆነለትም። ጫማውን ያሰረው ክሩን አላልቶ ነው።

የሙሽራዋ የአይናዲስ አገር ሮብ ገበያ የሚባል ቦታ ነው፣ ወደ ጮቄ ተራራ መቃረቢያ። የሰርጉ መኪና ከመንገዱ ዳር ቆመ፤ ቤቱ አቀበቱ ላይ ነው። ዝናብ ጥሎ ስለነበር ጭቃው ያንሸራትታል። ሰርገኛው እያጨበጨበ ሲወጣ አንሙት በየመሃሉ ይቆምና ጉሙንና የገብሱን ቡቃያ እያየ፣ ምን ያለ አገር ነው እባካችሁ ይላል። አገሩን አላየውም፤ አየር ነበር የሚለምነው። ሳሉ ተመልሶ መጥቶ ጉሮሮውን ይቧጥጠዋል። የኔአለም ከሴቶቹ መሃል ሆና ጀርባውን እያየች ወጣች።

ዳሱ ውስጥ ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተመረቀ። መውጫው ሲደርስ የሙሽራዋ አያት እማሆይ ወለተ ሐዋርያት መቋሚያቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ። ከዚህ ቤት የወጣች ሙሽራ ሁሉ እግሯ መሬት ሳይነካ ነው የወረደችው፤ እናቷም እንደዚያ፣ እኔም እንደዚያ አሉ። ቀጥለው አንሙትን በዓይናቸው ለኩትና ክንዱን ጨበጥ አደረጉት።

«እኔን ያወረደኝ ሚዜ ከሲታ ነበር፤ መንገዱን ሙሉ ስንንቀጠቀጥ ነው የደረስን። አንተስ አትጥላትም፣ የኔ ጌታ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አንሙት ያን ጊዜ ነበር ሊናገር የሚገባው። ቃሉ እስከ ጥርሱ ድረስ መጣ። ግን ገዳሙ በኩራት እያየው ነው፤ ሴቶቹ ከበሮውን አንስተዋል፤ አሮጊቷ እጃቸውን ከክንዱ ላይ አላነሱም። በርከክ አለና ጀርባውን ሰጠ።

አይናዲስ ከነካባዋ ጀርባው ላይ ወጣች። ከባድ ልጅ አይደለችም፤ ድሮ ቢሆን ሁለት እሷን ይዞ ይሮጥ ነበር። ሲነሳ ግን ሳያውቀው ትንፋሹን ያዘ፤ ዓይኑ ላይ ጥቁር ነገር እንደ ቁራ ክንፍ አለፈ። እልልታው ቀለጠ። ከበሮው ከፊት ከፊት ይወርዳል፣ እሱም ይከተላል። ደረቱ ውስጥ ያለችው ልብ ከበሮውን ትታ የራሷን ትመታ ጀመር፤ አንዴ ትሮጣለች፣ አንዴ ደግሞ ትጠፋበታለች። ስትጠፋ ዓለም ሁሉ አብሯት ይጠፋል፤ ተመልሳ ስትመታ ጉሮሮው ውስጥ ነው የምትመታው። ከከንፈሩ በላይ ላቡ ቀዝቃዛ ነው። የመኪናው ጌጥ፣ ቀይና ነጩ ጥብጣብ፣ ከታች ይታየዋል። በሄደ ቁጥር የሚርቅ መሰለው።

አይናዲስ በዓይኗ ሳይሆን በደረቷ ነው ያወቀችው፤ የተሸከማት ሰው ጀርባ እንደታመመ በሬ ጎን ይርገበገባል። በካባዋ ተከልላ ወደ ጆሮው ጎንበስ አለች።

«አያ አንሙት፣ ከበድኩህ እንዴ?»

ሊመልስላት አፉን ከፈተ። የምታስፈልገው «አይ» የምትል ቃል ብቻ ነበረች። አልወጣችም። እንደገና ሞከረ፤ አየር አጠረው። ያን ጊዜ የአርሴማ ድምፅ መጣ፤ ማውራት ካቃተህ ያ ሸክም ያንተ አይደለም። ልጅቷን ይዤ ብወድቅስ? በዚህ ድንጋይ ላይ፣ በሰርጓ ቀን፣ ሬሳ ላይ ወድቃ ብትነሳስ? ለራሱ ከፈራው ይልቅ ይኼኛው አንቀጠቀጠው። ጉልበቱን አጠፈ፣ ዝቅ አለ፣ የሙሽራዋን እግር በእርጋታ ጭቃው ላይ አኖረው።

ከበሮው ተቋረጠ። እልልታው መሃል ላይ ተቆረጠ። አንሙት በእጁ መሬቱን ተደግፎ ብዙ ከተነፈሰ በኋላ፣

«አልችልም» አለ። «ልቤ በሽተኛ ናት። ከርማለች።»

አንድ የሙሽራዋ ዘመድ፣ ምነው ክፉ ምልክት አደረግህብን ብሎ ማጉረምረም ሲጀምር እማሆይ መቋሚያቸውን አነሱበት። በጎረምሳ ተደግፈው እስከዚያው ወርደው ነበር።

«ዝም በል። እግሯ መሬት ቢነካ በነገው ቀን ታርሰዋለች፣ ትዘራዋለች። ሰው ነው መሬት ላይ እንዳይወድቅ የሚያዘው።»

አይናዲስ ማንንም አልጠየቀችም። በነጭ ጫማዋ ጭቃውን ረግጣ ክንዱን በትከሻዋ ላይ አሳረፈችው። የኔአለም ሰው እየጣሰች በሌላው ጎኑ ገባች። ገዳሙ ከኋላ ወገቡን ያዘ። እንዲህ ሆነው ሙሽራዋ ሚዜውን ደግፋ ወረደች። የታሰረችበት ግዘት በራሱ በአንሙት አፍ ተፈትቷልና የኔአለም እየወረደች ለአርሴማ ደወለች። ጥብጣብ ያጌጠው መኪና ክላክስ ሳያሰማ ወደ ደብረ ማርቆስ ከነፈ። መንገድ ላይ ገዳሙ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀው፤

«ለምን አልነገርከኝም?»

አንሙት በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ የሚነፍሰውን ነፋስ ይጎርስ ነበር።

ከድንገተኛ ክፍሉ በር አርሴማ ጠበቀችው። አልተቆጣችም፤ ይህ ይበልጥ አስፈራው። አፍንጫው ላይ ኦክስጅን አደረጉለት፣ መርፌ ወጉት። ትንሽ ሲተነፍስ፣ የፋሲካ ኪሎ መስሎኝ ነው አላት። ሱሪውን ሰብስባ አውራ ጣቷን ቅልጥሙ ላይ ተጫነችና አነሳችው። ጉድጓዱ እዚያው ቀረ፤ እንደ ሊጥ ነው።

«ሥጋ ቢሆን ጣቴን ይመልሰው ነበር» አለችው በቀስታ።

ያን ጉድጓድ እያየ አንሙት አለቀሰ። የተጨበጨበለት ይኼ ነበር።

ውሃው ቀስ በቀስ ወረደ። በየጠዋቱ ሚዛን ላይ ሲያወጡት፣ ዕድሜ ልኩን ጨምርልኝ እያለ የለመነው ሰው፣ ቀንስልኝ እያለ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆማል። አንዳንድ ቀን መርፌው አልነቃነቅ ይላል። ሐኪሙም ልብህ እንደዱሮዋ ትሆናለች ብሎ አላታለለውም፤ ክኒኑን ከያዝክ ልትሻሻል ትችላለች፣ እናያለን ነው ያለው። እናያለን የምትል ቃል፣ ልጆቼ፣ ለፈራ ሰው ረጅም ናት።

አሁን ተሽሎት ወጥቷል። ጂምም ይሄዳል፤ ሁሉም ያውቃል። የፈራው ሐዘኔታ እንዳሰበው አልሆነም፤ አንዳንዱ በዚያ ጭብጨባው ያፍራል፣ አንዳንዱ ይቀልዳል። ቀላሉን ብረት ሲያነሳ ገዳሙ ፊት ለፊቱ ይቀመጥና ወሬ ያስወራዋል። ትናንት ምን በላህ፣ የማን በር ነው የምትበይደው፣ የኔአለም ምን አለችህ ይለዋል። አንሙትም እያነሳ ይመልሳል። አይናዲስ እንኳ በስልክ ሰላም ስትለው፣ አያ አንሙት፣ ዛሬም አፍህ ይሠራል ወይ ትለዋለች።

በቀደም ለታ ታዲያ እያወራ ሳለ ድንገት ዝም አለ። ክንዱ እላይ ቀረ። ጂሙ ውስጥ ያለው ብረት ሁሉ በየቦታው ቆመ፤ ገዳሙ ከመቀመጫው ተነስቶ እጁን ዘረጋ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«አውራ እንጂ።»

አንሙት ብረቱን ቀስ አድርጎ ወለሉ ላይ አስቀመጠው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አዳመጠ። ዘለል ብላ ነበር። ጠበቃት። ተመለሰች።

«አለሁ» አለ። «እየሰማኋት ነው።»

ያን ቀን ብረቱን እንደገና አላነሳም። ገዳሙም አላነሳም። ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለማይረባ ነገር ሁሉ እያወሩ አመሹ።