ትል የበላው ቅጠል

«ቅጠሉንስ አያችሁት?» አለች ጡረተኛዋ መምህርት፣ የሻይ ብርጭቆዋን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ። «ነፍሷን ይማርና፣ አንዷን ቅጠል ትል የበላት አስመስላ ቀዳዳ ታበጅላታለች። እኔ እኮ የእውነት አበባ መስሎኝ ሳምንት ሙሉ ውሃ ሳጠጣው ከረምኩ! ሽቦው ዝጎ የጠረጴዛ ልብሴን ባያበላሽብኝ እስከ ዛሬም አጠጣው ነበር።»

ለቅሶ ቤቱ ሳቀ። ከቀብር በኋላ ሦስተኛው ቀን ነው፤ ሰው ሳቅ የሚደፍርበት ቀን።

«እጅ ነበራት» አለች ሌላዋ። «ምን ዓይነት እጅ!»

ጩጬ አልሳቀችም። ጩጬ የሟች ታናሽ እህት ናት። ሃምሳ ስምንት ዓመት ሞልቷት፣ ጸጉሯ ሸብቶም ስሙ አልለቀቃትም። ያንን ትል የበላውን ቅጠል የፈጠረችው እሷ ናት። ቀዳዳውን የምትተወው፣ ዳሩንም በቡናማ ክር የምትከፍፈው እሷ ነበረች። ይህን ልትናገር አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ሰው በእህቱ ለቅሶ ላይ ተነስቶ «የእኔ ነው» አይልም።

ሁለቱ እህቶች ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ መስኮት ሥር ተቀምጠው በኪሮሽ አበባ ሠርተዋል። እትዬ አበባውን፣ ጩጬ ግንዱንና ቅጠሉን። ልፋቱ እኩል ነው፤ እንዲያውም የቅጠሉ ይብሳል። ክሩን እንደ ሰንሰለት ጀምሮ በአንድ ወገን መውጣት፣ ጫፉ ላይ ዞሮ በሌላው ወገን መውረድ፣ ቀጭኑን ሽቦ በመሃል አስገብቶ እንዳይታይ መሸፈን አለ። ከዚያ ግንዱ ይመጣል። ሽቦው በአረንጓዴ ክር ጥቅጥቅ ተደርጎ ይጠመጠማል፤ አንድ ዙር ከላላ ሁሉም ላላ ማለት ነው። በር ያንኳኳ ሰው ሁሉ የሚለው ግን አንድ ነው፤ «የአበባ ሠሪዋ ቤት ይህ ነው?» የቅጠል ሠሪዋን ቤት የጠየቀ የለም።

«አበባውን አስተምሪኝ» ብላት ነበር ጩጬ፣ ሥራውን በጀመሩ በሁለተኛው ዓመት።

«አንቺ ቅጠልሽን ያዢ» አለች እትዬ፣ ቀና ሳትል።

በአሥረኛው ዓመት ደግማ ጠየቀች። መልሱ ያው ነው። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችም፤ በዓይኗ ልትሰርቅ ግን ሞክራለች። እትዬ አበባ ስትጀምር ወንበሯን ዞር ታደርግና ጀርባዋን ትሰጣታለች። ሰፊ ጀርባ ነበራት።

በሩ ላይ ጩኸት ተሰማ። የማዕዘኑ ፋርማሲ ሠራተኛ፣ ገና ሠላሳ ያልሞላት ልጅ፣ ነጭ ጋውኗን እንኳ ሳታወልቅ ገባች።

«እማዬ! እማዬን!» እያለች የሟች ፎቶግራፍ ፊት ተንበረከከች።

ሴቶቹ ተያዩ። እትዬ ወልዳ አታውቅም።

ልጅቱ ከኪሷ ቀይ የክር አበባ አውጥታ ከፎቶግራፉ ሥር አኖረች። ጩጬ ከተቀመጠችበት ሆና አየችው። መሃሉ ጥብቅ ያለ፣ ዳሩ ወደ ውጭ ቅልብስ ያለ፤ ቁርጥ የእትዬ እጅ። ግን እትዬ አልሠራችውም። እንዲህ ያለ ቀይ እነሱ ቤት ገብቶ አያውቅም፤ ክር የምትገዛው ጩጬ ናት።

«ማነው የሠራው?» አለች።

«እኔ ነኝ። እማዬ አስተምራኝ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ለግፊት መድኃኒቷ ስትመጣ፣ ከመደርደሪያው ጀርባ ቁጭ እንል ነበር።»

ሐሙስ! ሁለት ዓመት ሙሉ ጩጬ ሐሙስ በመጣ ቁጥር ምሳ አቅርባ ትጠብቃት ነበር። «ወረፋው አያድርስ ነው» ትላለች እትዬ ስትመለስ። ጩጬም አብራት ወረፋውን ስትረግም ኖራለች። አሁን፣ ባሏ ሌላ ቤት እንደነበረው በለቅሶው ላይ እንደሰማች ሴት ሆነች። ተነስታ ወደ ኩሽና ገባች።

ልጅቱ ተከተለቻት። «አክስቴ…»

«ከመቼ ጀምሮ ነው አክስት የሆንኩሽ?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት እኔን የከለከለችኝን ላንቺ ከመደርደሪያ ጀርባ? ምን አቅምሰሻት ነው? መቼም መድኃኒት አታጪ!»

ልጅቱ አልተቆጣችም። እንባዋን በጋውኗ እጅጌ ጠረገች።

«ቅጠሉንም አስተምሪኝ ብያት ነበር» አለች። «ሦስት ሐሙስ ሞከረች። ጫፉ ጋ ስትደርስ አዟዟሩ ይጠፋባታል። በመጨረሻ ተናዳ ወረወረችውና ‹ይህን ከእሷ በቀር የሚችለው የለም› አለችኝ።»

ጩጬ እጇን ብርጭቆ ማጠቢያው ላይ አሳረፈች። «እንዲህ አለች?»

«አለች። እኔም ‹ታዲያ አበባውን ለእሷ ለምን አታሳዪያትም?› አልኳት።»

«እሺ? ምን አለችሽ?»

«‹ቅጠሉን ትችላለች። አበባውን ከጨመርኩላት እኔ ምን እሠራላታለሁ? ጥላኝ ትሄዳለች› አለች። ‹እኔንስ ለምን ታስተምሪኛለሽ?› ስላት ደግሞ፣ ‹እኔ ስሞት ቅጠሏ ራስ አጥቶ እንዳይቀር ነዋ!› ብላ ተቆጣችኝ።»

ጩጬ ውሃውን ከፈተች። የታጠበውን ብርጭቆ አንስታ ደግማ አጠበችው። ሠላሳ አንድ ዓመት በእህቷ ስትቀና ኖራለች፤ ያቺም ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣ ስትቀናባት ኖራለች። ጩጬ ግን የት ልትሄድባት ኖሯል?

ከቀትር በኋላ ለቀስተኛው ሳሳ። መምህርቷም ጫማዋን አጥልቃ ወጣች። ጩጬ ልጅቱን ወደ ኩሽናው ጠረጴዛ ጠራቻት።

«አሳዪኝ» አለቻት።

ልጅቱ ከጋውኗ ኪስ ቀይ ክርና ኪሮሽ አወጣች። አበባው መጀመሪያ ረጅም ጥብጣብ ሆኖ ይሠራል፤ አንዱ ዳሩ ጭምድድ ያለ፣ ሌላው ሰፋ ሰፋ ያለ። ከዚያ ከጫፉ ጀምሮ ይጠቀለላል። ይኸው ነው። በሰፊ ጀርባ ተጋርዶ የኖረው ምሥጢር ይኸው ነው። ጩጬ ክሩን ተቀብላ ሠራችው። ሁለት ጊዜ እንኳ መጠየቅ አላስፈለጋትም።

«ኧረ ይሄ ከእኔም ይበልጣል!» አለች ልጅቱ። «ከእማዬም ሳይበልጥ አይቀርም።»

ጩጬ አበባውን መዳፏ ላይ አድርጋ ብዙ አየችው። ሥሩ ገና አልታሰረም። የክሩን ጫፍ ፈልጋ ያዘችና ሳበች። አበባው ተፈታ፣ ጥብጣብ ሆነ፣ ጥብጣቡም የክሩ ዓይን አንድ በአንድ እየተተረተረ አለቀ። ቀዩን ክር በእርጋታ ጠቅልላ ለልጅቱ አቀበለቻት።

«አበባውን አንቺ ሥሪ» አለች።

አረንጓዴውን ክር ወደ ጉልበቷ ሳበችና የቅጠሏን የመጀመሪያ የክር ዓይን በኪሮሽ አወጣች።