ዝነኛው የሞርት ጆሮ

«አንድ ዘፈን ብቻ!» አለ ኖርም፣ ጣቱን ማጫወቻው ላይ ደቅኖ። በሌላው እጁ የተገመሰ ቅቅል እንቁላል ይዟል። «ሮዝሊን ጠባብ ቤት ልትገባ ነው። ከባሏ ከስቱዋርት ሁለት ጥንድ ስፒከሮች አንዱን ብቻ ነው የምታስቀረው። ይህን የሚፈርድ ጆሮ ደግሞ በመላው ኢሊኖይ አንድ ነው!»

ለቀስተኛው ሁሉ ወደ ሞርት ዞረ። ሞርት በአይሁድ የሐዘን ደንብ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተኮራምቷል፤ የሸሚዙ ደረት ተቀዷል፣ ጉልበቱ አገጩን ሊነካው ምንም አልቀረው።

«በሺቫ፣ በሰባቱ የሐዘን ቀን ሙዚቃ?» አለ ጮክ ብሎ። «አንተ ሰው፣ ትንሽ አታፍርም? የወንድሜ አፈር እንኳ አልደረቀም!»

ኖርም እሳት እንደነካ ሰው እጁን ሰበሰበ። «እውነትህን ነው፤ ይቅር በለኝ።»

ሞርት ፊቱ ጋለ። ዕድሜ ልኩን ምኩራብ የረገጠው ለሠርግና ለምሳ ነው። ዛሬ ድንገት ሃይማኖተኛ ያደረገው ሌላ ነገር ነበር፤ ቀጭን ድምፅ መስማት ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። የወፍ ጫጫታ፣ የማንቆርቆሪያ ፉጨት ለእሱ የለም። ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ እሱን ትናንት ቀበሩት።

እሁድ ከሰዓት እዚሁ የስቱዋርት ሳሎን የስኮኪ ከተማ ስፒከር አምላኪዎች ይሰበሰቡ ነበር። አንዱ «ሙቀት ያለው ድምፅ!» ሲል ሌላው «ሙቀት ሳይሆን ጭቃ ነው!» ይላል፤ በወፍራሙ ድምፅ፣ በባስ የተነሳ ተኮራርፈው የልጅ ሠርግ የቀሩ አሉ። ስቱዋርት ከታላቅ ወንድሙ ከሞርት ጎን ይቀመጣል። ቀጭኑ ድምፅ ከሾለ ጉልበቱን በጉልበቱ ገፋ ያደርገዋል፤ ከለዘበ ይተወዋል። ሲገፋው ሞርት ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ኧረ ጸናጽሉ ጥርሴን ፋቀው!» ይላል፤ ቤቱ ጉድ ይላል። ሚልዋኪ የወደቀች መርፌ ስኮኪ ሆኖ ይሰማል እስከ መባል ደረሰ። ወሬውን ያስጀመረው ራሱ ሞርት ነው።

አንድ እሁድ አንዱ እንግዳ፣ «ስቱዋርት፣ አንተስ ምን ትላለህ?» ብሎ ጠየቀ። ሞርት ደንግጦ ቀደመው። «እሱን ተወው! ቫዮሊንና የኤሌክትሪክ መጋዝ አይለይም!» ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ስቱዋርትም አብሮ ሳቀ። ጉልበቱ ግን ያን ቀን እንኳ ሥራውን አላቋረጠም።

«ምስኪን ስቱ!» አለ አሁን ኖርም፣ እንቁላሉን እየዋጠ። «ቫዮሊንና መጋዝ የማይለየው!»

ለቀስተኛው በፍቅር ሳቀ። ሮዝሊን ብቻ አልሳቀችም። ሞርትን እያየች አንድ ነገር ተናገረች፤ በዚያ ቀጭን ድምፅዋ። ሞርት ያየው ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ራሱን ነቅንቆ፣ ቀልድ ጣል አድርጎ ያልፍ ነበር።

«አልሰማሁሽም» አለ።

«አሁን ደግሞ ደንቆሮ ነኝ በለና!» አለ ኖርም።

«ነኝ። ጆሮ የነበረው ስቱዋርት ነው። ድምፁ ሲሾል በጉልበቱ ይገፋኝ ነበር፤ እኔ የእሱን ጉልበት ነው ሳዳምጥ የኖርኩት።»

ሹካ የያዘ ሁሉ ሹካውን እንደያዘ ቀረ። ሞርት ሰው ሁሉ እያየው መዳፉን ከጆሮው ኋላ ደገነና ወደ ሮዝሊን ጎንበስ አለ። «ጮክ ብለሽ ድገሚልኝ።»

«ስቱዋርት ከሁለቱ ስፒከሮች የትኛውን ነበር የሚወደው ነው ያልኩህ» አለች እየጮኸች። «እኔንማ ‹አንቺ የወደድሽው ይሁን› ነበር የሚለኝ። ለአንተስ ነግሮህ ያውቃል?»

ሞርት አሁን በደንብ ሰምቷል፤ ወንድሙን ይህን ጠይቆት ግን አያውቅም። እንዳልሰማ ሰው መዳፉን ከጆሮው ሳያወርድ ቆየ።