የማይነኩት ሃያ በርሜሎች

በፋብሪካው ውስጥ እውነተኛ ስሙን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው። ለሌላው ሁሉ «አባ ቁልፍ» ነው። የኬሚካል መጋዘኑን ቁልፍ ከተረከበ ሃያ ስድስት ዓመቱ ሲሆን፣ ቁልፉ ከአንገቱ የሚወርደው ገላውን ሲታጠብ ብቻ ነው፤ ያኔም ከመታጠቢያ ቤቱ በር እጀታ አይርቅም። ሚስቱ ስለ ቁልፉ ሲያነሱባት «ጣውንቴ ናት» ትላለች።

አባ ቁልፍ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሲሰጥ ግን ያመዋል። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ስላወቀም መላ አበጅቶለታል። የምርት ክፍሉ ኃላፊ፣ በየመጠየቂያ ወረቀቱ አናት ላይ «አስቸኳይ» ብሎ ስለሚጽፍ አቶ አስቸኳይ የተባለው ሰውዬ፣ ሠላሳ በርሜል ሲያስፈልገው ስልሳ ይጠይቃል። አባ ቁልፍ ደግሞ ስልሳ ማለት ሠላሳ መሆኑን ስለሚያውቅ ሃያ አምስት ይሰጠዋል። የግዢ ሠራተኛው በበኩሉ መጋዘኑ «አለቀ» ሲል እንዳላለቀ ስለሚያውቅ ትዕዛዙን ሳምንት ያሳድረዋል። እንዲህ እየተዋሹ፣ ማን በስንት እንደሚዋሽ ግን ተግባብተው፣ ስንት ዓመት በሰላም ኖሩ። በወር ሁለቴ ማሽኑ ጥሬ ዕቃ አጥቶ ሲቆም ሁሉም ሌላውን ይረግማል፤ ማሽኑ ሲነሳ ደግሞ ይረሳል።

ሃያዎቹን በርሜሎች ግን ከራሱ በቀር የሚያውቅ የለም። በመጋዘኑ ጥግ፣ እስከ ጣሪያ ከተደረደሩ ባዶ የእንጨት ርብራቦች ጀርባ፣ ሃያ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ሙሉ በረኪና ተደብቋል። በሱቅ የሚሸጠው ቀጭኑ አይደለም፤ ፋብሪካው በውሃ እያቀጠነ በየጀሪካኑ የሚሞላው ኃይለኛው ነው። ከመዝገብ እንዴት እንደወጡ እሱና መዝገቡ ያውቃሉ። ለክፉ ቀን ብሎ ከደበቃቸው ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። አዲስ ጭነት ሲመጣ በሩ አጠገብ ይራገፋል፤ በሩ አጠገብ ያለው ቀድሞ ይወጣል፤ እነዚያ እንደተከበሩ ይቀመጣሉ።

ቤቱም ያው ነው። ልጁ በመጀመሪያ ደመወዟ የገዛችለት ቡናማ ጫማ ከነካርቶኑ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ከወጣ አራት ዓመቱ። ለሠርጓ ቀን ብሎ በልቡ ይዞታል። «መቼ ነው የምታገቢው» የሚላት እንዳይመስልባት ግን ለእሷ አልነገራትም።

ልጁ በዚያው ፋብሪካ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። ነገር የመጣውም በእሷ በኩል ነው፤ ሥራ አስኪያጇ የመጋዘኑን መዝገብ ኮምፒውተር ውስጥ እንድታስገባ አዘዘቻት። አባትየውን ደግሞ ቢሮዋ ጠርታ፣ ወንበር ስባ አስቀመጠችው።

«እንዳይቀየሙኝ» አለችው። «ዕቃ እያለን ዕቃ የለም እየተባለ በወር ሁለቴ እንቆማለን። ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ ቁልፉን ለሌላ ሰው ልሰጥ ነው። እርስዎ በር ላይ የመውጫ ወረቀት ይቆጣጠራሉ፤ ደመወዝዎ አይነካም።»

አባ ቁልፍ «እሺ» ብሎ ወጣ። በዚያ ሳምንት ምግብ አልወረደለትም። በር ላይ ቆሞ የሌላ ሰው መኪና ሲገባና ሲወጣ መቁጠር ከሞት የማይሻል ሆኖ ታየው።

ሰኞ ጠዋት በረኪና የጫነው መኪና ካምቢዮው ተሰብሮ መንገድ ላይ መቅረቱ ተሰማ። ሐኪም ቤቱ ያዘዘው አራት መቶ ጀሪካን ረቡዕ መድረስ አለበት፤ መዝገቡ ላይ ያለው አራት በርሜል ነው። አቶ አስቸኳይ ራሱን ይዞ ግቢውን ይዞር ጀመር። አባ ቁልፍ ግን ፊቱ ፈካ። ሁለት ዓመት የጠበቀው ክፉ ቀን ራሱ በእግሩ መጥቶለታል።

ሥራ አስኪያጇን፣ አቶ አስቸኳይንና የግዢ ሠራተኛውን መጋዘን ድረስ አስጠራቸው። የፎርክሊፍቱን ሹፌር በጣቱ እየመራ ርብራቦቹን አስነሳ። አቧራው ሲበተን ሃያዎቹ በርሜሎች ብቅ አሉ። አቶ አስቸኳይ አጨበጨበ። ሥራ አስኪያጇ አንድ በአንድ ቆጠረቻቸውና «እንግዲህ ቁልፉ እርስዎ ዘንድ ይቆይ ይሆናል» አለች።

አባ ቁልፍ ጥቂቶቹን በርሜሎች ከፍቶ ከላቦራቶሪ ለመጣችው ልጁ ናሙና ቀዳላት። ሽታው አፍንጫውን አልቆነጠጠውም፤ ጉንፋን ይዞኛል ብሎ አለፈው።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ልጁ ብቻዋን ተመልሳ መጣች።

«አባዬ፣ እነዚህ በርሜሎች መቼ ነው የገቡት?»

«ምን አደረጉሽ?»

«መቼ ነው?»

«ሁለት ዓመት ቢሆናቸው ነው።»

ወረቀቱን አሳየችው። «ኃይሉ ከመቶ አሥራ ሁለት እጅ መሆን ነበረበት። ሁለት ተኩል ነው።»

«መለኪያሽ ተበላሽቶ ይሆናል።»

«ሦስቴ ለካሁት፤ የሁሉም በርሜል ናሙና ያው ነው። በረኪና እንደ ጨው አይደለም፣ አባዬ። ቆሞ ያልቃል። እዚህ ቆርቆሮ ሥር ደግሞ በሙቀቱ ይብሳል።»

«ማንም ሳይነካው?»

«ማንም ሳይነካው።»

አባ ቁልፍ ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ሥራውን የጀመረው በጨውና በሶዳ ነበር፤ እነሱን አሥር ዓመት ብታስቀምጣቸው እዚያው ናቸው። በረኪና ወደ ፋብሪካው ከመጣ ገና አምስት ዓመቱ ነው፤ ማንም ምንም አልነገረው፤ እሱም አልጠየቀ።

«ሌላ ማን ያውቃል?» አላት።

«እኔና አንተ።»

በርሜሎቹን አየ። «መልኩ እኮ ያው ነው» አለ ቀስ ብሎ። ከአፉ ሲወጣ ራሱም ደነገጠ።

ልጁ አልተቆጣችም። «የቀዶ ሕክምና ክፍል ወለል ነው የሚታጠብበት» አለችው። «እኔ እንደሆነ አልፈርምበትም። ግን እኔ ከምናገር አንተው ብትናገር ደስ ይለኛል።»

ከመጋዘኑ እስከ ሥራ አስኪያጇ ቢሮ ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። አባ ቁልፍ በዚያች መንገድ ላይ ሁለቴ ወደ ኋላ ዞረ፤ ሁለቴም ልጁ በሩ ላይ ቆማ ስታየው አገኛት። ያፈረው ከሥራ አስኪያጇ ይልቅ እሷን ነው። ሦስተኛ ሳይዞር ገባ።

ሥራ አስኪያጇ፣ አቶ አስቸኳይና የግዢ ሠራተኛው ጠረጴዛ ዙሪያ ሆነው የረቡዕን ጭነት ያቅዳሉ። አባ ቁልፍ ሳይቀመጥ ተናገረ።

«ሃያው በርሜል ሞቷል። የገደልኩትም እኔ ነኝ። ከመዝገብ አውጥቼ፣ ደብቄ፣ ሁለት ዓመት አቆይቼ ውሃ አድርጌዋለሁ። ለሐኪም ቤቱ አይሆንም።» ቁልፉን ከአንገቱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ገመዱ ያረፈበት የአንገቱ ቆዳ ከሌላው ፈዘዝ ብሎ ታየ።

አቶ አስቸኳይ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ ጋ… ስምንት በርሜል አለ» አለ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ። «ከመሙያው ማሽን ጀርባ፣ ሸራ ለብሷል። የገባው ባለፈው ወር ነው። እሳቸው ሲከለክሉኝ እንዳልቆም ብዬ ነው።»

ሥራ አስኪያጇ ቀስ ብላ ወደ ግዢ ሠራተኛው ዞረች። ሰውየው ከምኔው እንዳላበው እንጃ።

«አሥራ አንድ» አለ። «ባለፈው ሳምንት የመጣ ነው፤ አሮጌው መጋዘን አስቀምጬዋለሁ። አለቀ ሲባል በአንድ ቀን አመጣ ለመባል ነበር። ዛሬ ከሰዓት ላወጣው አስቤ… የእሳቸው ሃያ ቀደመኝ።»

ሥራ አስኪያጇ ግንባሯን ይዛ መሳቅ ጀመረች፤ ስትስቅ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ስንት በረኪና እንዳለን ለማወቅ ስንት ሰው ንስሐ መግባት አለበት?» አለች።

ልጁ አሥራ ዘጠኙንም በርሜል ለካች፤ አሥር ተኩልና ከዚያ በላይ ሆነው ተገኙ። አራት መቶው ጀሪካን ረቡዕ ከሰዓት በፊት ተጭኖ ሄደ። የሞቱት ሃያ በርሜሎች «ለግቢ ጽዳት ብቻ» ተብሎ ተጻፈባቸው፤ የፋብሪካው መጸዳጃ ቤት ከዚያ ወዲያ እንደዚያ ነጽቶ አያውቅም።

ረቡዕ ማታ ሥራ አስኪያጇ መጋዘን መጣች። ቁልፉን ይዛለች፤ ለአባ ቁልፍ ግን አልሰጠችውም። በሩ አጠገብ ምስማር አስመትታ ሰቀለችው።

«እርስዎ እዚሁ ይቆያሉ» አለችው። «ቁልፉ ደግሞ እዚህ ይሰቀላል። እያንዳንዱ በርሜል ላይ የገባበትን ቀን ይጽፋሉ፤ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይወጣል። ያለውን ብዛት ልጅዎ ኮምፒውተር ላይ፣ እርስዎ ሰሌዳ ላይ። አቶ አስቸኳይ ሠላሳ ካለ ሠላሳ ይሰጡታል።»

«ስልሳ ካለስ?»

«ከእንግዲህ አይልም። ብዛቱን ሰሌዳው ላይ እያየው ምን ብሎ?»

የአባ ቁልፍ እጅ ወደ አንገቱ ሄዶ ቁልፉን አጣው። ቀለለው ወይስ ቀዘቀዘው፣ ለራሱም አልታወቀውም።

ቤቱ ገብቶ ወንበር ላይ ቆመና ካርቶኑን ከቁም ሣጥኑ አናት አወረደ። ሚስቱ ከበሩ ሆና አየችው።

«ማን ሊያገባ ነው?» አለች።

«ማንም። ነገ ሥራ ላደርገው ነው።»

ጠዋት ጫማው እያብረቀረቀ ወጣ። አውቶቡስ ላይ ደህና ነበር። ፋብሪካው በር ላይ ሲደርስ የቀኙ ሶል እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈርፍሮ አስፋልቱ ላይ ቀረ፤ አሥር እርምጃ ሳይሄድ የግራውም ተከተለው። ልጁ ከኋላው እየመጣች ፍርፋሪውን አይታ ደረሰችበት።

«ይሄ የእኔ ጫማ አይደለም?»

«ነው። ለሠርግሽ ነበር ያስቀመጥኩት።»

«እኔ እኮ አልወደድከውም ብዬ ነበር» አለችው። «አራት ዓመት ሙሉ።»

«ኧረ ልጄ፣ በየቅዳሜው አውርጄ፣ ወልውዬ፣ አይቼው ነበር የምመልሰው።»

ላቦራቶሪ ወስዳ አስቀመጠችው፤ ተንበርክካም የቀረውን ሶል በሰፊ ፕላስተር ጠቅልላ አሰረችለት። «ሌላ እገዛልሃለሁ» አለች። «ግን የገዛሁ ቀን ታደርገዋለህ።»

«ከሱቁ አድርጌው ነው የምወጣው» አላት።

ያን ቀን እስከ ማታ በፕላስተር በታሰረው ጫማ እያነከሰ፣ በበርሜሎቹ ላይ ቀን ሲጽፍ ዋለ።